የማጅራት ማኅተም

የቅጥሩን አገር አይታችሁት ለማታውቁ፣ አይታችሁትም ለረሳችሁት፣ እንዴት እንደነበረ እነግራችኋለሁ። የምናገረው ለመክሰስ አይደለም፤ የመክሰሻ ዕድሜዬ አልፏል። የምናገረው አንዲት ሴትን ለማመስገን ነው። ምስጋና ደግሞ በወግና በሥርዓት ካልቀረበ ምስጋና ሊባል አይገባውምና ከአገሩ አቀማመጥ እጀምራለሁ።

አገሩ ክብ ነበረ። ዙሪያውን የከበበው ቅጥር ድንጋይ ሳይሆን ሞራ ነበር። አያቶቻችን ሞራውን በሁለት ረድፍ ደርበው የለሰኑት ከቅጥሩ ውጭ ያለው ጨዋማ ውኃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ፣ የውስጡም ሀብት ወደ ውጭ እንዳይፈስ ነው። በአገሩ መካከል ሌላ ታናሽ ቅጥር ነበረ፤ እርሱም ውስጠኛው ቤት ይባላል። በውስጠኛው ቤት ብራናዎቹ ይቀመጣሉ። ሞራ እንዴት እንደሚነጠር፣ ምድጃ እንዴት እንደሚሠራ፣ በር እንዴት እንደሚታነጽ፣ አገሪቱ የምታውቀው ሁሉ የተጻፈው በእነዚያ ብራናዎች ላይ ብቻ ነበር። ብራና ከውስጠኛው ቤት ፈጽሞ አይወጣም። የሚወጣው ቅጂው ነው። ገልባጮች በስስ ቅጠል ላይ ይገለብጡታል፤ ቅጠሉ ወደ ሥራ ቤቶች ይላካል፤ ሥራ ቤቶቹም የተጻፈውን አይተው ይሠራሉ። ቅጠሉ ጥቂት ካገለገለ በኋላ ይበሰብሳል፤ ሌላ ካልመጣ ሥራው ይቆማል።

ገልባጮቹ ግን በራሳቸው ምንም አይከፍቱም ነበር። ከዚያ ሁሉ የብራና ክምር መካከል ምዕራፉን አውቆ የሚገልጥ፣ ጣቱንም መስመሩ ላይ አኑሮ «ከዚህ ጀምሩ» የሚል አንባቢ ያስፈልጋቸዋል። እያንዳንዱ አንባቢ የራሱ ምዕራፍ አለው። እኔ ልሳነወርቅ የቅጥር ጥገና ምዕራፍ አንባቢ ነበርሁ። ከእኔ በቀር ያን ምዕራፍ የሚከፍት አልነበረም። ይህን የምለው በኩራት ነው፤ አልክደውም።

አሁን ወደ ሕጉ እመጣለሁ። በቅጥሩ አገር የሰው ቦታ የሚወሰነው በትውልድም፣ በችሎታም፣ በፈቃድም አልነበረም፤ በማጅራቱ ላይ ባለው ማኅተም ነበር። ማኅተሙ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቀይ ሰም ነው። አታሚው ትኩሱን ሰም ማጅራት ላይ ጠብ አድርጎ በቀለበቱ ይጫነዋል፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የባለቤቱ ቦታ ይለወጣል። ለአንዳንዱ ሙያተኛ ማኅተም ማለት ወደ ቅጥሩ ተጠጋ ማለት ነው፤ ለአንዳንዱ ወደ ምድጃው ሂድ ማለት ነው። ለእኛ ለአንባቢዎች ግን አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ ከውስጠኛው ቤት ውጣ፣ ውጭም ቆይ። ማኅተም የሌለበት አንባቢ ይገባል፤ ያለበት ይወጣል። ሰውየው አልተለወጠም። እውቀቱም፣ ድምፁም፣ እጁም ያው ነው። ሆኖም ብራና በሌለበት ስፍራ የቆመ አንባቢ ጥላ ከሚፈልግ መንገደኛ በምን ይለያል?

ለዚህ ሕግ ሦስት አጥሮች ነበሩት። ማንም የራሱን ማኅተም አያነሣም። ማንም የሌላውን ማጅራት አይቶ ለባለቤቱ አይነግርም፤ ማጅራት ማየት የሹም ሥራ ነውና። ሦስተኛው አጥር ሹሞቹ ራሳቸው ናቸው፤ ክንድ ያዦች ይባላሉ። ክንድ ያዦች ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው ይሄዳሉ፤ በአንባቢ ማጅራት ላይ ማኅተም ባዩ ጊዜ አንዱ ቀኝ ክንዱን፣ ሌላው ግራ ክንዱን ይይዛል። አይገፉም፤ አይሳደቡም። ይይዛሉ ብቻ።

በአባቶቻችን ዘመን ሁለት መሥሪያ ቤቶች ነበሩ፤ ከላይ በኩል የአታሚዎች ቤት፣ ከታች በምንጩ ዳር የአጣቢዎች ቤት። አታሚው ያትማል፤ አጣቢው በሞቀ ውኃና በጨርቅ ሰሙን አለስልሶ ያነሣል። ጠዋት የታተመ ከሰዓት በኋላ ይታጠባል፤ ሰውም እንደ ሥራው ጠባይ ይወጣል፣ ይገባል። አታሚንና አጣቢን የሚያበላልጥ አልነበረም።

ከዚያ ሊቀ ማኅተም ደርሶልኝ ተሾሙ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሜ እመሰክራለሁ። እጅግ ትጉህ ሰው ነበሩ፤ ጥፋቱም የመጣው ከትጋታቸው ነው። በተሾሙ በወሩ ወደ ምንጩ ወርደው አጣቢዎቹ ሲሠሩ ቆመው ተመለከቱ። እጃቸውንም ወደ ኋላ አጣምረው፣

«እኛ ላይ ቤት ስንሠራ የዋልነውን እነዚህ እታች ቤት ሲያፈርሱት ይውላሉ» አሉ። «መንግሥት አፍራሹን በገዛ እንጀራው ይቀልባል?»

ባለሟሎቻቸው ሳቁ፤ የሳቁትም አስቋቸው አልነበረም። በማግስቱ አዋጅ ተነገረ፤ የአጣቢዎች ቤት ተዘግቶ የሰም ማከማቻ ሆነ።

አጣቢዎቹ ራሳቸው «በውኃው ዳር ቆዩ» የሚል ማኅተም ነበረባቸው። ለመሰናበት ማኅተማቸው መነሣት ስላለበት እርስ በርሳቸው እየተጣጠቡ ሄዱ። ሠላሳ አንዱ እንዲህ ተሰናበቱ። ሠላሳ ሁለተኛዋ እትዬ ብርቅነሽ ግን ሕጉን አስቸገሩት። እርሳቸውን የሚያጥብ አጣቢ አልቀረም፤ ራሳቸውን እንዳያጥቡ ሕጉ ይከለክላል፤ ሳይታጠቡ ማሰናበትም ሕግ መጣስ ነው። የሹማምንቱ ጉባኤ ሦስት ቀን ተቀምጦ መከረ። በሦስተኛው ቀን ውሳኔው ወጣ፤ «ሴትየዋ በስፍራዋ ትቆይ፤ ነገር ግን እንደሌለች ትቆጠር።» እትዬ ብርቅነሽም እንደሌሉ ተቆጥረው በምንጩ ዳር ቀሩ።

እኔ የታተምሁት በሊቀ ማኅተም ሰባተኛ ዓመት የሹመት መታሰቢያ በዓል ነው። በዚያን ቀን ለአገር የሠራ ሁሉ የክብር ማኅተም እንዲቀበል ታዘዘ። በሩ በበዓል ቀን ብቻ ያለ ማኅተም ያሳልፋልና እኔም ክብሩ ይገባኛል ብዬ ነጭ ለብሼ ሄድሁ። ተራዬ ደርሶ ፊት ለፊቱ ስቆም አታሚው፣

«አንባቢ ሆይ፣ ጥቂት ጎንበስ ይበሉልኝ፤ አልደርስዎትም» አለኝ።

«ጎንበስ የሚል ሌላ ሰው ፈልግ» አልሁት። «እኔ አንገቴን ለማንም ደፍቼ አላውቅም።»

እውነቴን ነበር። እንደ ምሰሶ ቀጥ ብዬ ቆምሁ፤ እርሱ በርጩማ አስመጥቶ ወጣበትና አተመኝ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ወደ ውስጠኛው ቤት ልመለስ ሦስት እርምጃ ሳልራመድ ሁለት ሰዎች ክንዴን ያዙ። የቀኙ ዘለቀ፣ የግራው ዘገየ ይባላሉ።

«አባታችን፣ ወዴት ነው?» አለ ዘለቀ።

«ወደ ሥራዬ።»

«እሱማ መልካም ነበር» አለ ዘለቀ።

«በጣም መልካም ነበር» አለ ዘገየ።

«ታስሬያለሁን?»

«ኧረ ምን በወጣዎ! ተይዘው ነው እንጂ።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«የታሰረ ሰው ቦታ ይመረጥበታል» አለ ዘለቀ።

«ለተያዘ ሰው ግን ጥላ ይመረጥለታል» አለ ዘገየ። «በዚህ በኩል ይምጡ፤ እዚያ ጋ ነፋስ አለ።»

እንዲህ ሆኜ አራት ዓመት በነፋሻ ስፍራ ተቀመጥሁ። እኔ ብቻ አልነበርሁም። የታተመ ሁሉ በታተመበት ቀርቷል። ምድጃ ዳር የታተሙት በምድጃ ዳር ይላቡ ነበር፤ በር ላይ የታተሙት በር ላይ ያንቀላፉ ነበር። አገሩ በሥርዓት ተሞልቶ፣ ሥራው ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። ሊቀ ማኅተም ከሰገነታቸው ሆነው ይህን አይተው «እነሆ፣ ሁሉም በየቦታው አለ» ይሉ ነበር፤ እውነትም ሁሉም በየቦታው ነበረ።

በአምስተኛው ዓመት ሐሩር መጣ። እንዲህ ያለ ሐሩር ከአያቶቻችን በኋላ አልታየም። የቅጥሩ ሞራ መጀመሪያ ወዛ፣ ቀጥሎ ላላ፣ ከዚያም መንጠባጠብ ጀመረ። በምሥራቅ በኩል ቅጥሩ ወደ ውስጥ አብጦ እንደ እርጉዝ ሆድ ተነረተ። ከዚያ ማዶ ጨዋማው ውኃ ነበር።

በዚያ በምሥራቁ ቅጥር ልጄ ወለላ ነበረች። ወለላ ቅጥሩን በሞራ የምትለስን ለሳኝ ናት። ለሳኝ ሲታተም ወደ ቅጥሩ ይጠጋል፤ ማኅተሙ እስካልተነሣም ድረስ ከዚያ አይርቅም፤ ቢርቅ ክንድ ያዦች በትሕትና ይመልሱታል። እርሷም አራት ዓመት እዚያው ነበረች። ያዦቼን አስፈቅጄ ላያት ሄድሁ። ለሳኞቹ ሁሉ ያበጠውን ቅጥር በጀርባቸው ደግፈው ቆመዋል። ሞራው በልጄ ትከሻ ላይ ይንጠባጠባል።

«አባባ፣ ለምን መጡ? ፀሐይ ይመታዎታል» አለችኝ።

«ይህ ቅጥር እስከ መቼ ይቆማል?»

«በጀርባ ከሆነ ሦስት ቀን። የማጠንከሪያው አሠራር ከመጣ ግን እኛ እንይዘዋለን፤ ሞራውም አለ፣ እጃችንም አለ፤ የጠፋው ቅጠሉ ነው።» ሳቀች። «ካልመጣም መዋኘት እማራለሁ። ሲያስተምሩኝ እምቢ ብዬ ነበር፤ ያስታውሳሉ?»

አስታውሳለሁ። እርሷ ስትስቅ እኔ አልሳቅሁም። በቀጥታ ወደ ላይ ቤት ወጣሁ፤ ዘለቀና ዘገየም ክንዴን እንደያዙ አብረውኝ አለከለኩ።

ሊቀ ማኅተም ደርሶልኝ ሰገነታቸው ላይ ተቀምጠው ላባቸውን ይጠርጉ ነበር።

«ጌታዬ፣ ወደ ውስጠኛው ቤት ልግባ» አልኋቸው። «የማጠንከሪያው አሠራር በእኔ ምዕራፍ ላይ ነው ያለው።»

«እኔም ይህንኑ ሳስብ ነው የዋልሁት። አትግባ ያለህ ማነው?»

«ማኅተሜ ነው።»

«እንግዲያው ግባ የሚል ማኅተም አትምልሃለሁ።»

«ጌታዬ፣ ለአንባቢ እንዲህ ያለ ማኅተም የለም። በአንባቢ ላይ ማኅተም ሁሉ ውጣ ነው የሚለው።»

«እስከ ዛሬ ስላልታተመ ነው» አሉና ተነሡ። «በርጩማ አምጡ!»

በገዛ እጃቸው አተሙኝ። ወደ ውስጠኛው ቤት በር ወረድሁ። በረኛው ወንድይፍራው በመዳፉ ማጅራቴን ዳሰሰ፤ የበረኛ ወጉ ይህ ነው፤ አያይም፤ ይዳስሳል።

«አንድ ቢሆን አይገቡም ነበር» አለኝ። «ሁለት ስለሆነ ደግሞ ፈጽሞ አይገቡም።»

ሌሎች ሁለት ክንድ ያዦች መጥተው ተጨመሩ። ወደ ላይ ቤት ተመለስሁ። ሊቀ ማኅተም ሰሙ ቀጥኖ ይሆናል ብለው ወፍራም አተሙ። በረኛው አሁንም መለሰኝ። ቀለበቱ ላልቶ ይሆናል ብለው በሌላ ቀለበት አተሙ። ቀጥሎም ሁለት ጊዜ ደጋግመው አተሙ። እኩለ ቀን ላይ በማጅራቴ ስድስት ማኅተም ተደርድሯል፤ ዐሥራ ሁለት ያዦችም ከብበውኛል። ለዐሥራ ሁለት ሰው ክንዴ ስላልበቃ ግማሾቹ ኩታዬን፣ አንዱም መቀነቴን ይዞ ነበር።

«ክቡርነትዎ» አለ ዘለቀ በመጨረሻ፣ «ሰባተኛ ከመጣ ተሸክመነው ነው የምንሄደው።»

ሊቀ ማኅተም ቀለበታቸውን እያዩ በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። ከሰገነቱ የምሥራቁ ቅጥር ይታያል፤ እብጠቱ ከጠዋቱ ይልቅ ተንዘርጥጧል። በዝግታም፣

«እኔ ማተም ብቻ ነው የማውቀው» አሉ።

ያን ጊዜ ዘገየ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባታችንን ወደ ውስጠኛው ቤት መውሰድ ተከልክለናል» አለ። «ወደ ምንጩ መውሰድ ግን የከለከለን የለም።»

«እዚያ ማን አለ?» አሉ ሊቀ ማኅተም።

«ማንም የለም፤ እንደሌለች የተቆጠረች አንዲት ሴት አለች።»

ሊቀ ማኅተም ፊታቸውን ወደ ምሥራቁ ቅጥር መለሱ። አለመከልከላቸውን እንደ ፈቃድ ቆጥረን ወረድን።

እትዬ ብርቅነሽ አጭር ሴት ነበሩ። በምንጩ ዳር እሳት ነድዷል፤ እሳቱ ላይ እንስራ ተጥዷል፤ ከእንስራው እንፋሎት ይወጣል። የታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ በጉልበታቸው ላይ አለ። ዐሥራ ሁለት ሰው የያዘው ሰው ሲመጣባቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«ሠርግ ነው ለቅሶ?» አሉ።

«አንቺ ሴት፣ ማኅተም ታነሺያለሽ?» አልኋቸው። እንዲህ ነበር ያልኋቸው፤ ልደብቀው አልፈልግም።

«ሥራዬ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የመጣ የለም እንጂ።»

«ዐሥራ አንድ ዓመት ማንም ካልመጣ ይህ ውኃ ለማን ይሞቃል?»

«ለሚመጣው ነዋ። አንተ መጣህ፤ ውኃው ቀዝቅዞ ቢሆን ኖሮ ምን ልልህ ነበር? ቆይ፣ እንጨት ልልቀም ልበልህ? በል ጎንበስ በል።»

«ጎንበስ አልልም። አንገቴን ለማንም ደፍቼ አላውቅም።»

«እንዴት አድርገው አተሙህ ታዲያ?»

«በርጩማ ላይ ወጥተው።»

«ለማተም በርጩማ ይበቃል» አሉ እትዬ ብርቅነሽ። «ሲታጠብ ግን ውኃው መውረጃ ይፈልጋል፤ ቀጥ ብለህ ከቆምህ ጀርባህ ውስጥ ገብቶ ያቃጥልሃል። አትቀየመኝ፤ ይህ የውኃው ጠባይ ነው፤ እኔ አላመጣሁትም። ማን ነህ ግን አንተ?»

«የቅጥር ጥገና ምዕራፍ አንባቢ ነኝ።»

ሴትየዋ ወደ ምሥራቅ ተመለከቱ። ከዚያ ሆኖ የለሳኞቹ ጩኸት ይሰማል፤ «ያዝ! ያዝ!» ይላል።

«እዚያ ሰው አለህ?»

«ልጄ አለች።»

«እንግዲያው ከማን ጋር ነው የምትከራከረው?» አሉኝ። አልተቆጡም፤ ጠየቁኝ እንጂ።

ተንበርክኬ አንገቴን ደፋሁ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ነበር። ውኃው ሲነካኝ ትኩስ ነበር፤ የሚያቃጥል ግን አልነበረም። እጃቸው የሚያውቀውን አልረሳም። አንዱን ማኅተም በጨርቅ ያለሰልሳሉ፣ በጥፍራቸው ጠርዙን ያነሣሉ፣ ሰሙም መሬት ላይ ጠብ ይላል። አንድ ሲወድቅ ሁለት ያዦች «ደኅና ይዋሉ አባታችን» ብለው ይሄዳሉ። ሌላው ሲወድቅ ሌሎች ሁለት ይሄዳሉ። በመጨረሻ ዘለቀና ዘገየ ብቻ ቀሩ። ስድስተኛው፣ የአራት ዓመቱ ማኅተም፣ ደርቆ ስለነበር ብዙ ውኃ ጠየቀ። እርሱም ወደቀ።

«ኧረ፣ እጄ ለቀቀ» አለ ዘለቀ ደንግጦ።

«የኔም» አለ ዘገየ። ከዚያ ሁለቱም እጅ ነሥተው፣ «አባታችን፣ አራት ዓመት መልካም ጎረቤት ነበሩ። መንገድዎ በዚያ በኩል ነው» አሉኝ።

እትዬ ብርቅነሽ የወደቀውን ሰም ሊለቅሙ ጎንበስ ሲሉ ማጅራታቸውን አየሁ። ያየሁትን ግን እንድናገር ሕጉ አይፈቅድልኝም።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኋቸው። «ስምዎን አልጠየቅሁም።»

«ስትመለስ ትጠይቀኛለህ። ሩጥ!»

በበረኛው መዳፍ ሥር ማጅራቴ ለስላሳ ነበረ። ወንድይፍራው ሁለት ጊዜ ዳሰሰና በሩን ከፈተልኝ። አራት ዓመት ያልተነካውን ብራና አቧራውን አራግፌ ዘረጋሁ፤ ጣቴንም መስመሩ ላይ አኖርሁ፤ «ከዚህ ጀምሩ» አልሁ። ገልባጮቹ እንደተራቡ ሰዎች ተንደረደሩ። የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ወጡ። በማግስቱ ሥራ ቤቶች ማጠንከሪያውን አፈሉ፤ በሦስተኛው ቀን ለሳኞቹ ቀቡት፤ የምሥራቁ ቅጥር ወደ ስፍራው ተመለሰ። እትዬ ብርቅነሽም ክንድ ያዦች በየተራ ወደ ምንጩ ያመጡላቸውን ለሳኞች እያጠቡ ወደ ጥላ ላኳቸው። ልጄ መዋኘት ሳትማር ቀረች።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ እኔ ጀግና ሆኜ በቀረሁ ነበር። ግን አላበቃም።

በውስጠኛው ቤት ሕግ አንድ ጊዜ የተከፈተ ምዕራፍ አንባቢው በውስጥ ሳለ አይዘጋም፤ ገልባጮቹም አያርፉም። እኔ ደግሞ ከአራት ዓመት ጥላ በኋላ ወደ ብራናዬ የተመለስሁ ሰው ነበርሁ። መውጣትን አላሰብሁም። ሐሩሩ አለፈ፤ እኔ እዚያው ነኝ። ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነ። በሃያኛው ቀን ወለላ በበሩ ክፍተት ጠራችኝ።

«አባባ፣ በቃ።»

«ምኑ ነው የበቃው?»

«ቅጥሩ። ቅጠል እስከመጣ ድረስ መለሰን ግዴታችን ነው፤ ለስነን ለስነን የመጠጥ ውኃ መግቢያዎቹን ደፈንናቸው። እህል የሚገባበት በርም ሊደፈን ነው። ሰዉ መተንፈስ አቅቶታል።»

«ምዕራፉ ገና አላለቀም።»

«ምዕራፉ ሳያልቅ እኛ እናልቃለን» አለችኝ። «ይውጡ፣ አባባ።»

ዙሪያዬን ተመለከትሁ። በማጅራቱ ማኅተም የሌለበት አንባቢ ልውጣ ቢል በሩ አያሳልፈውም፤ መውጫው ማኅተም ነው። ሊቀ ማኅተም ደርሶልኝ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ በኀፍረት ቀለበታቸውን አውልቀው ከቤት አልወጡም ነበር። ሰው ልኬ አስጠራኋቸው። ቀለበታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው በበሩ ላይ ቆሙ።

«እኔ ከእንግዲህ ማንንም ላላትም ምያለሁ» አሉ። «በማተም አገሩን ሁሉ ሥራ አስፈታሁ።»

«ጌታዬ፣ መሐላዎን ዛሬ ይፍቱልኝ። አገሩ አሁን በእኔ ንባብ ታፍኗል። አንድ ብቻ ያትሙልኝ።»

አንድ ብቻ ባልሁ ጊዜ ፊታቸው ጥቂት በራ።

«በርጩማ አምጡ» አሉ፤ ጠባዬን ያውቃሉና።

«በርጩማ አያስፈልግም» አልኋቸው፤ ጎንበስም አልሁ።

ሰሙ ሞቀኝ፤ ቀለበቱ ተጫነኝ። በሩ ወደ ውጭ ተከፈተ፤ ከበሩ ማዶ ዘለቀና ዘገየ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ክንዴን ሲይዙኝ እንደ ዘመድ ደስ አሉኝ። ብራናው ተጠቀለለ፤ ቅጠሉ ቆመ፤ የውኃ መግቢያዎቹም ተከፈቱ። ስለዚህ ምስጋናዬ ለአታሚውም ነው። ለመግባት ያጠበኝን እጅ ሳመሰግን፣ ለመውጣት ያተመኝን እጅ ብረሳ ነውር ይሆንብኛል።

ከዚያ ወዲህ የአጣቢዎች ቤት ተከፈተ፤ የሰሙ ክምር ወጥቶ እንስራዎች ገቡ። ሊቀ ማኅተም በራሳቸው እግር ወርደው እትዬ ብርቅነሽን «ከዛሬ ጀምሮ እንዳሉ ይቆጠሩ» አሏቸው። እትዬ ብርቅነሽም «እግዜር ይስጥልኝ፤ እኔማ ራሴን ስቆጥር ነው የኖርሁት» ብለው መለሱ። አዳዲስ አጣቢዎች ተሾሙ፤ እርሳቸው አስተማሯቸው። ሰው ሁሉ ደግሞ ይገባና ይወጣ ጀመር። እኔም ቅጥሩ ሲደክም እየታጠብሁ እገባለሁ፤ ሲበረታ እየታተምሁ እወጣለሁ። ይህ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም።

አንድ ነገር ግን በሆዴ ቀርቶ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለጥገና ልገባ አንገቴን ደፍቼ አጠቡኝ። ማኅተሜ ወደቀ፤ ተነሣሁ። አጠገባችን ማንም አልነበረም። በዕድሜዬ ሕግ ጥሼ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ በዚያን ቀን ግን ጣስሁ።

«እትዬ ብርቅነሽ፣ የመጀመሪያው ቀን ሰሙን ሲለቅሙ ማጅራትዎን አይቻለሁ» አልኋቸው። «ማኅተም የለበትም። ከእንስራው እንፋሎት የተነሣ ከብዙ ዓመት በፊት ቀልጦ ወድቋል፤ ጠባሳውም ጠፍቷል። የያዘዎት ነገር አልነበረም። በፈለጉት ቀን ተነሥተው መሄድ ይችሉ ነበር።»

ጨርቁን ጨመቁት። አጠፉት። በጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«የወደቀ ለታ ነው የሰማሁት» አሉ። «ድንጋዩ ላይ ጠብ ሲል ድምፅ አለው፤ የሰም ድምፅ እኔ አላውቅም?»

«ታዲያ ለምን ቀሩ?»

እትዬ ብርቅነሽ ቀና ብለው አዩኝ፤ ጥያቄዬ የገረማቸው ይመስል ነበር።

«ውኃውን ማን ያሙቀው?» አሉ።

ማጅራቴ ንጹሕ ነበረ፤ ምንም የሚነሣ አልቀረበትም። ሆኖም ጎንበስ አልሁ።